የእጥረት ሙያና የሥራ ፈቃድ፦ ስሌቱ ምን ይላል?

አንድ አገር «መሐንዲስ አነሰኝ» ሲል፣ መሐንዲስ የሆነ ሁሉ የሥራ ፈቃድ ያገኛል ማለት ነውን? በዚህ ጽሑፍ ጀርመንን በምሳሌነት ወስደን ጥያቄውን እንመረምራለን።

ጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ምሩቃን የምትሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ «ሰማያዊ ካርድ» ይባላል። አመልካቹ በመሠረቱ ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይኖርበታል፦ በጀርመን ዕውቅና ያለው ዲግሪ፣ ከትምህርቱ ጋር የሚጣጣምና ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ የሥራ ውል፣ እንዲሁም በሕግ ከተወሰነው የማያንስ ደመወዝ።

የእጥረት ሙያዎች ዝርዝር የሚያቃልለው ሦስተኛውን ብቻ ነው። የስሌቱ መነሻ የጡረታ መዋጮ የሚታሰብበት የደመወዝ ጣሪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በዓመት 96,600 ዩሮ ነበር። በመደበኛ ሙያዎች የተጠየቀው የዚህ 50 በመቶ፣ ማለትም 48,300 ዩሮ ነበር። እንደ ምህንድስና፣ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ላሉ የእጥረት ሙያዎች ግን 45.3 በመቶ፣ ማለትም 43,759.80 ዩሮ በቂ ነበር። ከተመረቁ ሦስት ዓመት ያልሞላቸውም በዚሁ ዝቅተኛ መጠን ይስተናገዳሉ። ጣሪያው በየዓመቱ ስለሚከለስ ስሌቱም በየዓመቱ ይታደሳል።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2025 ዝርዝሩ የቀነሰው 4,540.20 ዩሮ ነበር፤ ውሉንና ዲግሪውን አይተካም። ስለዚህ «ሙያህ በዝርዝሩ አለ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ አስቀድመን «ውሉ የት አለ?» እንበለው። የዩኒቨርሲቲያችንን ዕውቅና ደግሞ ለሁሉም ክፍት በሆነው «አናቢን» የመረጃ ቋት ከመመረቃችን በፊት እናጣራ።