ውኃ በሚተኛበት የጓሮ ጥግ ማገጥን ለንብ መኖ ማልማት

በደጋና በወይና ደጋ መረሬ አፈር ላይ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት የጓሮ ጥግ ያልገጠመው ገበሬ ጥቂት ነው። ጎመን ቢተከልበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ገብስ ቢዘራበት ቅጠሉ ይገረጣል። ስለዚህ ቦታው የከብት መረጋገጫ ሆኖ ይቀራል። ንብ የሚያረባ ሰው ግን ይህን ጥግ በማገጥ ሊጠቀምበት ይችላል።

በሳይንስ ስሙ ትራይፎሊየም የሚባለው ማገጥ ከአተርና ከባቄላ ወገን ነው፤ በሥሩ አንጓዎችም የአየርን ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል። በአገራችን ከ20 በላይ ዝርያዎቹ ይገኛሉ። ክረምቱ ሲያበቃ ያብባል፤ ንቦችም በጥቅምትና በኅዳር ለሚቆረጠው ማር የሚዘጋጁት በዚሁ ወቅት ነው።

ማገጥ ቀድሞ በጤፍና በስንዴ ማሳ ውስጥ ሳይዘራ ይበቅል ነበር። ቱ-ፎር-ዲን የመሰለ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድል መድኃኒት በሚረጭበት ማሳ ግን አብሮ ይጠፋል። ገበሬውን ለሰብሉ አትርጭ ማለት አይቻልም። እርጥቡን ጥግ ግን ከርጭት ማዳን ይቻላል፤ የልማት ሠራተኛውም ጥረቱን እዚህ ላይ ቢያውል ይመረጣል።

ዘሩ የሚሰበሰበው አበባው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ነው። ልባሱ ጠንካራ በመሆኑ እንዳለ ቢዘራ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። ስለዚህ ከሻካራ አሸዋ ጋር በመዳፍ መካከል በቀስታ ማሸት ያስፈልጋል። ዝናቡ ሲጠና፣ በሰኔ መጨረሻ ገደማ፣ ዘሩን ከአሸዋው ጋር እንደተቀላቀለ መበተንና በቅርንጫፍ ጎትቶ በስሱ ማልበስ ነው። ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከጠለቀ ችግኙ አይወጣም። ማገጥ እርጥበት ቢወድም ሙሉ በሙሉ በውኃ ከተሸፈነ ይበሰብሳል፤ ስለሆነም ከኩሬው መካከል ይልቅ ዳር ዳሩን መዝራት ይሻላል። ችግኙ በመጀመሪያ ደካማ ስለሆነ ሣር እንዳይውጠው በእጅ ይታረም። ዩሪያ መጨመር ሣሩን ያፋፋል እንጂ ማገጡን አይጠቅምም።

ክርክሩ የሚነሳው ሲያብብ ነው። ለከብት መኖ ጥሩ የሚሆነው ገና አበባው ላይ እያለ ሲታጨድ ነው፤ ንብ የምትፈልገውም ያንኑ አበባ ነው። ላም ያለው ቤተሰብ ሙሉውን ተወው ቢባል አይሰማም፣ አይፈረድበትምም። ግማሹ ለከብት ቢታጨድና ግማሹ ዘር እስኪያፈራ ቢቆይ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ የረገፈውም ዘር በከፊል ለመጪው ክረምት ራሱ ይበቅላል። የታጨደው ጠውልጎ ከገለባ ጋር ይሰጥ፤ እርጥቡን ብቻ በብዛት የበላ ከብት ሆዱ ይነፋል።

የማገጥ ዘር በገበያ እንደልብ ስለማይገኝ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በጋራ መሬታቸው አንድ እርጥብ ቁራጭ ለዘር ብቻ ከልለው ቢያባዙ ለአባላት ማደል ይችላሉ። ቀፎው ግን እርጥቡ ቦታ ላይ አይቀመጥ፤ ከፍ ባለና ደረቅ በሆነ ቦታ፣ በመደብ ላይ ይሁን።