የድሮ የድንጋይ ቤት ሙቀት እንዲይዝ፦ ከመክፈል በፊት ግድግዳውን ማየት

የቤት ለቤት ጉብኝት ስናደርግ ከአልጋው ጀርባ ወይም ከቁም ሣጥኑ ኋላ ጥቁር ሻጋታ ካየን፣ የልጁ ሳልም ሆነ የአያት ትንፋሽ ማጠር በመድኃኒት ብቻ እንደማይቀል እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ በብርድ ወራት ቤት ውስጥ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል። ለአረጋውያንና ለሕፃናት ከዚያ ቢበልጥ ይሻላል።

ታዲያ አንድ ተቋራጭ መጥቶ «ግድግዳችሁ መሐሉ ክፍት ነው፤ በሱፍ እንሙላው» ቢላችሁስ? እዚህ ኢየሩሳሌም ቶሎ እሺ አትበሉ። ከ1882 እስከ 1893 የተሠራችው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ባለችበት በኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ እንደምናያቸው ያሉ የዚያ ዘመን ቤቶች ግድግዳቸው ሁለት የድንጋይ ረድፍ ነው። መሐሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጠጠር፣ በአፈርና በኖራ የተሞላ ስለሆነ የሚነፋ ነገር መግቢያ የለውም። ትንሽ ቀዳዳ በስቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ መጀመሪያ ዝናብ የሚያስገባው ስንጥቅና የሚያፈሰው ቱቦ ይጠገን። የተሞላው ሱፍ ውኃ ከጠጣ ሙቀት በደንብ አይዝም።

መሐሉ የተሞላ ከሆነ ሥራው ከውስጥ በኩል ነው። እናቶቻችን ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው ቤት ሲለስኑ ጭዱ ልስኑ እንዳይሰነጠቅ ያደርግ ነበር፤ ውስጡ የሚቀረው አየርም ብርዱን ያበርድ ነበር። ዛሬ በየአገሩ የድሮ ቤት የሚያድሱ ባለሙያዎች የሚያደርጉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ኖራን ሄምፕ ከሚባለው የቃጫ ተክል ግንድ ስብርባሪ ጋር ደባልቀው ጥቂት ሳንቲሜትር ይለስናሉ፤ አለዚያ የቡሽ ሰሌዳ ይለጥፋሉ። ኖራ እርጥበቱን ተቀብሎ መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶና የፕላስቲክ ቀለም ግን ውኃውን ከድንጋዩ ውስጥ ይዘጉበታል፤ ርካሽ ናቸው፣ ሻጋታው ግን ተመልሶ ይመጣል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ውጪውን ከመንካት በፊት የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ የሻጋታውን ፎቶ አያይዛችሁ ለባለቤቱ ወይም ለቤቶች ኩባንያው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂውን ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቤቱ ሲጠብቅ አየሩም ይጠብቃል። በነጭ ጋዝ ወይም በጋዝ የሚነድ ማሞቂያ ካላችሁ መስኮት ሳይከፈት አይንደድ፤ ሌሊት እያነደዱ መተኛትም አይገባም። የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃበትም።