የዓሣ ገንዳ ውሃ ለምን አረንጓዴ ይሆናል? መድኃኒቱስ ምንድን ነው?

በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ፥ ዛሬ ባይሆን ነገ፥ አንድ ችግር ሳይገጥመው አይቀርም። ይኸውም ጥርት ብሎ የነበረው ውሃ በጥቂት ቀን ውስጥ የጎመን ቅቅል ውሃ መስሎ ዓሦቹን ከዓይን መሰወሩ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታችን ይህ የደረሰው ዘንድሮ በጥቅምት ወር፥ ክረምቱ አልፎ ፀሐይ በመስኮት በኩል መግባት ስትጀምር ነው። ገንዳው የታናሽ እኅቴ ሲሆን በውስጡ 5 ወርቃማ ዓሦች አሉ። እናታችን ነገሩን አይታ፥ «ይህ የበሰበሰ ውሃ ከሳሎኔ ይውጣ፤ ዓሦቹም ለሰው ይሰጡ» ብላ ፈረደች። እኅቴ ብታለቅስ ጊዜ፥ እኔም ባዮሎጂ የምማር ነኝና፥ የሁለት ሳምንት ጊዜ እንድትሰጠን ለመንኋት። በዚያ ጊዜ ያገኘሁትን ትምህርት ለክፍል ጓደኞቼና ለወላጆች ለማካፈል እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ውሃው አልበሰበሰም። አንድ ጠብታ ወስጄ በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ 400 ጊዜ አጉልቼ ብመለከተው፥ የታየኝ ቆሻሻ ሳይሆን እጅግ ብዙ የሆኑ አረንጓዴ ክብ ነገሮች ነበሩ። እነዚህ ዋቅላሚ ወይም አልጌ የሚባሉት ናቸው። እያንዳንዱ አንድ ሴል ብቻ ሲሆን፥ እንደ ማንኛውም ቅጠል የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል። ከነዚህ አንዱ የሆነው ክሎሬላ ስፋቱ ከ2 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር ለመሙላት ቢያንስ 100 ያህል መደርደር አለባቸው። ስፖንጅ ያለው ማጣሪያ ሌት ተቀን ቢሠራ ውሃውን የማያጠራው በዚህ ምክንያት ነው። በቀዳዳው ሾልከው ያልፋሉ።

ለመራባት የሚሹት ሁለት ነገር ነው፤ ብርሃንና ምግብ። ምግባቸው ከዓሦቹ ኩስና ሳይበላ ከቀረው ፍርፋሪ የሚወጣው አሞኒያ፥ ናይትሬትና ፎስፌት ነው።

ዓሣ ሻጮች ለዚህ የሚሰጡት ምክር «ውሃውን ቀይሩ» የሚል ነው። ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሒሳብ እንመርምረው። አልጌው ብርሃንና ምግብ ከተመቸው በአንድ ቀን እጥፍ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጠብታ ውስጥ 8,000 አሉ እንበል። ግማሹን ውሃ ደፍተን በንጹሕ ብንተካ 4,000 ይቀራሉ፤ በማግስቱ ግን ተመልሰው 8,000 ናቸው። ከአሥር እጅ ዘጠኙን ብንደፋ እንኳ የቀሩት 800 በየቀኑ 1,600፥ 3,200፥ 6,400 እያሉ በ4ኛው ቀን 12,800 ይደርሳሉ። ባልዲ ተሸካሚው ደከመ እንጂ አልጌው ምንም አልሆነም! ገንዳውን ሁሉ ገልብጦ ጠጠሩን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ደግሞ የባሰ ነው፤ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በክሎሪን ይገድላል፤ ዓሦቹም በአሞኒያ ይመረዛሉ።

አረንጓዴ ውሃ በራሱ የዓሣ መርዝ አይደለም። በኩሬ ቆሮሶ የሚያረቡ ገበሬዎች ውሃው እንዲያረንጉ ብለው ፍግ ይጨምሩበታል፤ ዓሦቹ ያንን ይመገባሉና። አደጋው ያለው በጠባብ ገንዳ ነው። አልጌው ቀን ቀን ኦክሲጅን ያወጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሦቹ ሁሉ ይተነፍሳል፥ የነበረውንም ኦክሲጅን ይሻማል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ውሃችንም የሚይዘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ከእኅቴ ዓሦች ሁለቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አይቻለሁ።

ስለዚህ ያደረግነው ብርሃኑን መንሳት ነው። ገንዳውን ከመስኮቱ አራቅን፤ በወፍራም ብርድ ልብስም ዙሪያውን ሸፍነን 4 ቀን ሙሉ በጨለማ አቆየነው። የአየር ፓምፑ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልቆመም፤ ይህ ዋናው ነገር ነው፤ የሚሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክሲጅን ይጨርሳልና። ምግብም አልሰጠናቸውም። ጤነኛ ወርቃማ ዓሣ 4 ቀን ቢጾም አይጎዳም፤ ይህን ለእኅቴ ማስረዳት ግን ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር።

ለመለኪያ እንዲሆነኝ ከገንዳው ጀርባ የተጻፈበት ወረቀት ለጥፌ ነበር። የመስተዋቱ ወርድ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ፊደሉ ቀርቶ ወረቀቱም አይታይም ነበር። በ5ኛው ቀን ብርድ ልብሱን ስናነሳ ውሃው ግራጫ ሆኖ ትልልቁ ፊደል ተነበበ። የሞተው አልጌ እንዳይበሰብስ ሲሶውን ውሃ ቀየርን፤ አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን የዋለ ነበር። ከ3 ቀን በኋላ እንደገና ሲሶውን ብንቀይር ጽሑፉ ሁሉ ተነበበ። 5ቱም ዓሦች ደኅና ነበሩ፤ የእናታችንም ፍርድ ተሻረ።

ሌላም ዘዴ አለ። ዳፍኒያ የሚባለው፥ የውሃ ቁንጫም የሚሉት ደቃቅ ፍጥረት አልጌን እያጣራ ይመገባል፤ ነገር ግን ዓሦቹ እርሱን ስለሚበሉት በቀዳዳ ዕቃ ለይቶ ማስቀመጥ ያሻል። ገንዘብ ያለው በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚሠራ መብራት ይገዛል፤ ፍቱን ነው። አንድ ዘመዳችን ደግሞ በደቡብ አገር ደፍራሽ ውሃ እንደሚያጠሩበት የሽፈራው ዘር ወቅጠን እንድንጨምር መክሮን ነበር። ለመጠጥ ውሃ የታወቀ ጥበብ ነው፤ ለዓሣ ገንዳ ግን አልመክርም፤ የዘሩ ቅሪት ራሱ በስብሶ ለአልጌው አዲስ ምግብ ይሆናልና።

አሁን የገንዳው መብራት በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይበራም። ምግብ የሚሰጠው አንድ ጊዜ፥ ያውም በ2 ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው። ናይትሬቱን እንዲሻሙልን ቶሎ የሚያድጉ የውሃ ተክሎች አስገብተናል፤ ወርቃማ ዓሦቹ ግማሹን ቢቀነጥሱትም። በመስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ሌላ ወገን አልጌ ስለሆነ ጨለማ አያስፈልገውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በንጹሕ ስፖንጅ መፈግፈግ ይበቃዋል፤ ሳሙና ግን ፈጽሞ አይነካውም።