ማመልከቻዬ ጠፍቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካዊት ናት። ለግሪን ካርድ ካመለከትን ዓመት አለፈን፤ ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልተጠራንም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ዝምታው ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም። በደረሰኝዎ ላይ ያለውን ቀን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ (ዩኤስሲአይኤስ) በድረ ገጹ ለግሪን ካርድ ማመልከቻው፣ ለቅጽ አይ-485፣ ካወጣው የማስተናገጃ ጊዜ ጋር ያስተያዩ። ጊዜው ካለፈ እዚያው ጥያቄ ያቅርቡ። መልስ ካጡ የአካባቢዎ የኮንግረስ እንደራሴ ቢሮ ጉዳይዎን በነጻ ይጠይቅልዎታል፤ ወገኖቻችን ይህን በር አለማንኳኳታቸው ያሳዝነኛል። ቤት ከቀየሩ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ያሳውቁ፤ የቀጠሮ ደብዳቤ በድሮው ቤት ፖስታ ሳጥን ሊቀር ይችላል።

አጥብቄ የምለምንዎ ግን፣ እናትዎ ቢታመሙ እንኳ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ሳይዙ ወደ አዲስ አበባ አይብረሩ። በአብዛኛው ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። መዘግየቱ ጥቅምም ሊኖረው ይችላል፦ ካርዱ ሲፈቀድ ጋብቻችሁ 2 ዓመት ከሞላው፣ ለ2 ዓመት ብቻ በሚያገለግለው ካርድ ፈንታ ለ10 ዓመት የሚያገለግለው ይሰጥዎታል።