ጥንቸሎች በአንድ ቤት ተስማምተው እንዲኖሩ



ልጆቻችሁ ሁለት ግልገል ጥንቸሎች አምጥተው በአንድ ሣጥን ሲያኖሯቸው ለጊዜው ምንም ችግር አይታይም። ግልገሎቹ ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ሦስት አራት ወር ሲሆናቸው ግን አንድ ቀን ጧት ሣጥኑ ሲከፈት ጠጉር በየቦታው ተበትኖ፣ የአንዱም ጆሮ ተቀዶ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ክፉ ጥንቸል ደረሰኝ» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጥንቸሎች ሰላም የሚገኘው ከባለቤቱ አያያዝ ነው።

ስለ ጠባያቸው

የቤት ጥንቸል በማሳችን ዳር ከምትሮጠው የዱር ጥንቸል የተለየች ዘር መሆኗን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የአገራችን የዱር ጥንቸል ብቻዋን የምትውል፣ ልጆቿንም ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ የምትወልድ ናት። የቤት ጥንቸል ግን የጥንት ዘሯ ከስፔን ምድርና ከአካባቢው የመጣ ሲሆን፣ ጉድጓድ ቆፍራ በማኅበር የምትኖር፣ ልጆቿንም ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ የምትወልድ ናት። ስለዚህ ጓደኛ ትፈልጋለች። ነገር ግን እንደ ባለ ርስት ቦታዋን ታስከብራለች፤ አገጯን በየነገሩ ላይ እያሻሸች፣ ሽንቷንም እየረጨች ምልክት ታደርጋለች። በዚያ ቦታ ድንገት የገባውን እንግዳ እንደ ጠላት ትቆጥረዋለች።

እኔም የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ይህን ባለማስተዋል አንድ ወንድ ጥንቸል ለርቢ ብዬ ወደ ሴቷ ሣጥን አስገባሁ። ውኃ ቀድቼ እስክመለስ ድረስ ሴቷ ወንዱን ከማዕዘን አስጠግታ ጀርባውን ቦጫጭቃው አገኘኋት። ትክክለኛው ሥራ ሴቷን ወደ ወንዱ ሣጥን መውሰድ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሴቷ አልነበረም።

ማን ከማን ጋር ይኑር?

1ኛ፤ ሁለት ያልተኮላሹ ወንዶችን በአንድ ቤት አታኑሩ። ወንድማማቾች ቢሆኑም እንኳ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ይጣላሉ፤ አንዱ የሌላውን ቆለጥ እስከ መንከስ ይደርሳል።

2ኛ፤ ያልተኮላሸ ወንድና ሴት ባንድነት ካኖራችሁ ጠብ ባይኖር ርቢው ያስቸግራችኋል። ሴቷ የምታረግዘው 31 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በወለደችበት ቀን እንኳ ደግማ ልታረግዝ ትችላለች። በአገራችን ብዙው ሰው በሃይማኖቱ ሥርዓት የጥንቸል ሥጋ አይበላም። እንግዲህ የተትረፈረፈው ግልገል ወዴት ይሄዳል? ቦታው ይጠብባል፤ መጣበብም ጠብ ያመጣል። ስለዚህ ግልገሎቹ 3 ወር ሳይሞላቸው ወንዶቹን ከሴቶቹ ለዩ።

3ኛ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚስማሙት የተኮላሸ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ማኮላሸቱን የእንስሳት ሐኪም ይሥራው፤ በሬ እንደሚቀጠቀጥ በቤት ውስጥ አትሞክሩት። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ማስረገዝ ስለሚችል 6 ሳምንት ያህል ከሴቷ ለይታችሁ አቆዩት።

4ኛ፤ አብረው ያደጉ እኅትማማቾች ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ያረገዘች ሴት ግን ቁጡ ስለምትሆን የብቻዋ ቦታና ገለባ የተነጠፈበት መውለጃ ሣጥን ያስፈልጋታል።

እንዴት ይተዋወቁ?

ከገበያ የመጣች እንግዳ ጥንቸል በቀጥታ ወደ ነባሮቹ አትግባ። በመጀመሪያ 2 ሳምንት ያህል ራቅ አድርጋችሁ አኑሯት፤ በጆሮዋ ውስጥ እከክ፣ በአፍንጫዋም ንፍጥ እንዳለ ተመልከቱ። ጤነኛ ከሆነች በኋላ ሣጥኗን ከነባሯ ሣጥን አጠገብ አስቀምጡ፤ በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይሁን፤ አለዚያ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ ይናከሳሉ። የአንዷን ገለባ ለሌላዋ እየለዋወጣችሁ አንጥፉ፤ እንዲህ ሲሆን አንዷ የሌላዋን ጠረን ትለምዳለች።

ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ኖረውበት በማያውቁት ቦታ ለ10 ደቂቃ ያህል አገናኟቸው። ጥቂት ድርቆሽም በትኑላቸው። ማሳደድ፣ መጫንና ጥቂት ጠጉር መንጨት የበላይና የበታች የሚለይበት ሥርዓት ስለሆነ አትደንግጡ። ነገር ግን ጆሯቸውን ወደ ኋላ አጥፈው እርስ በርሳቸው እየተሽከረከሩ መናከስ ከጀመሩ ወዲያው ለዩአቸው። ባዶ እጃችሁን አታግቡ፤ ጥርሳቸው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። መጥረጊያ ወይም ወፍራም ጨርቅ በመካከላቸው አግቡ። በማግሥቱ እንደገና ጀምሩ፤ ጊዜውንም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ጎን ለጎን ሲተኙና አንዷ የሌላዋን ግምባር ስትልስ ባያችሁ ጊዜ ስምምነቱ ደርሷል ማለት ነው።

ስለ ቤታቸው

ለሁለት ጥንቸሎች ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ የታጠረ ቦታ ይበቃል። በውስጡም ሁለት የመኖ ሳህን፣ ሁለት የውኃ ሳህን፣ ሁለትም መሸሸጊያ ይኑር። መሸሸጊያው በግራም በቀኝም መውጫ ያለው ይሁን፤ መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ ተሳዳጇ ከውስጥ ትያዛለች። ማታ ሸለምጥማጥና ድመት እንዳይገቡ በሽቦ ወንፊት አጥብቃችሁ ዝጉ።

ቢጣሉስ?

የጥንቸል ንክሻ ከላይ ትንሽ መስሎ ከውስጥ መግል ይቋጥራል። ስለዚህ ጠጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ጨው በተጨመረበት ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እጠቡት፤ ከዚያም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳዩ። ጥንቸል አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች ሆዷ ሥራውን ስለሚያቆም ለሕይወቷ ያሰጋታል፤ እስከ ነገ አትበሉ። ጥንዶቹ በደኅና የሚስማሙ ሆነው አንዷ ብትታመም ሁለቱንም አንድ ላይ ውሰዱ፤ ለብዙ ቀን የተለየችው ስትመለስ እንደ እንግዳ ልትቆጠር ትችላለችና።

እንግዲህ ገበሬ ሆይ፤ ጥንቸሎቹን ከማምጣታችሁ በፊት ወንድና ሴታቸውን ለዩ፤ ቦታውን አዘጋጁ፤ ለማስተዋወቅም አትቸኩሉ። ወንድና ሴቱን መለየት ካቃታችሁ የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ። ይህን ያደረገ ሰው ልጆቹ በጧት ሣጥኑን ሲከፍቱ ደም አያዩም፤ በጠጡም ለጓሮ ጎመኑ መልካም ማዳበሪያ ይሆነዋል።