የመንደሩ የውኃ ማማ

ውኃ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ በራሱ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ብልሃተኞች የውኃውን ጋን በረዥም ማማ ላይ ያኖሩታል፤ ውኃውም ከዚያ በቧንቧ ወደ ቤቶች ይወርዳል።

በሩስያ አገር፥ ፖሊቢኖ በምትባል መንደር፥ አንድ አሮጌ የውኃ ማማ አለ። ከታች ሰፊ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ እንደ መሶብ እግር ይጠባል። ጎኑ የጎበጠ ይመስላል፤ ነገር ግን የቆሙት የብረት ዘንጎች ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው። ዘንበል ብለው እርስ በርሳቸው ስለሚተላለፉ፥ ማማው ቀላልም ብርቱም ሆነ።

ይህን ማማ ቭላዲሚር ሹኮቭ የተባለ መሐንዲስ በ1896 ዓመት በአውሮጳ አቈጣጠር፥ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከተማ ለተደረገው ትርኢት ሠራው። እንዲህ ያለ ማማ ከዚያ በፊት በዓለም አልነበረም። ከትርኢቱም በኋላ አንድ ባለጠጋ ገዝቶ ወደ መንደሩ ወሰደው።

በ1922 ዓመት ሹኮቭ በዚሁ ብልሃት 150 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የራዲዮ ማማ በሞስኮ አቆመ። ታላቁን ብዙዎች ያደንቃሉ፤ ታናሹን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን የታላቁ መጀመሪያ ታናሹ ነው።

ልጅ ሆይ፥ በሰፈርህ ያለውን አሮጌ ነገር አትናቅ። «ማን ሠራው? ስለ ምን ሠራው?» ብለህ ሽማግሌዎችን ጠይቅ። ያልተጠበቀ ብረት ዝገት ይበላዋል፤ ያልተጠየቀ ታሪክም ይረሳል።