አዲስ አበባ፣ ወሰን ለምትኖረው ልጄ፦ ስለ ቅዳሴ

ልጄ፣ በቀደም በስልክ «አጎቴ፣ እሑድ ቅዳሴ መሄድ እያቃተኝ ነው፤ ቤቴ ሆኜ ብጸልይስ?» ብለሽኝ ነበር። ምክንያትሽንም ዘረዘርሽልኝ፦ መንገዱ ይርቃል፣ ግዕዙ አይገባሽም፣ እሑድ ደግሞ ልብስ የምታጥቢባት አንዲት ቀንሽ ናት። ከሆሳዕና መጥተሽ አዲስ አበባን ገና እየለመድሽ ነውና አልፈርድብሽም። ጉዳዩ ግን በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ የማስበውን በተራ ጽፌልሻለሁ።

1. ቤትሽ መጸለይሽን አታቋርጪ፤ ግን በቅዳሴ ቦታ አታስገቢው። ቤትሽ ስትጸልዪ የምታቀርቢው የራስሽን ቃል ነው። በቅዳሴ የሚቀርበው ክርስቶስ ራሱ ነው። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረን በቀራንዮ አንድ ጊዜ የቀረበው ያው መሥዋዕት በመንበሩ ላይ፣ እኛ ባለንበት እንደሚገኝ ነው። ክርስቶስ ዳግመኛ አይሞትም፤ በመስቀሉ ላይ የሚጨመር ሌላ መሥዋዕትም የለም። ኅብስቱና ወይኑ በእርግጥ ሥጋውና ደሙ ይሆናሉ። ይህን ያመነ ሰው «ዛሬ መዝሙሩ ቀዝቃዛ ነበር፣ ስብከቱም አልያዘኝም» እያለ አይቀርም። (ስብከቱ አንዳንዴ መርዘሙን እኔም አልክድም፤ እሱን ለአባቶች ትቼዋለሁ።) 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቅዱስ ቁርባንን የክርስትና ሕይወት ሁሉ ምንጭም ቁንጮም አድርጎ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እሑድ በቅዳሴ መገኘት ግዴታ የሆነውም ለዚሁ ነው። ሕመም፣ የታመመ ሰው ማስታመም ወይም ልትተዪው የማትችዪው ሥራ ቢያስቀርሽ ቤተ ክርስቲያን አትወቅስሽም። ልብስ ማጠብ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። እሑድ ሥራ የምትገቢ ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ማታ የሚቀደሰው ለእሑድ ይቆጠርልሻል። በስልክ የሚተላለፈው ቅዳሴ ለአልጋ ቁራኛ መጽናኛ ነው፤ እንዳንቺ ላለች ጤነኛ አይሆንም።

2. ከግዕዙ አትሽሺ። አንቺ ያደግሽው በላቲን ሥርዓት፣ በአማርኛ ሲቀደስ እየሰማሽ ነው። እዚህ ስትመጪ ዜማው ረዘመብሽ፣ መቼ መቆም መቼ መስገድ እንዳለብሽ ግራ ገባሽ፣ በገዛ ቤትሽ እንግዳ ሆንሽ። ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በግዕዙ ሥርዓት አዘውትሮ የሚቀደሰው የሐዋርያት ቅዳሴ ሥሩ በ3ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚነገርለትና በሮማዊው ሂፖሊጦስ፣ አባቶቻችን አቡሊዲስ በሚሉት፣ ስም የሚጠራው «የሐዋርያት ትውፊት» ነው። ከቫቲካን ጉባኤ በኋላ የላቲኑ መጽሐፈ ቅዳሴ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ፣ ሆሳዕና ብዙ ጊዜ የሰማሽው ያ አጭሩ 2ኛው የቁርባን ጸሎትም የተቀዳው ከዚያው ጽሑፍ ነው። እንግዲህ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እንዲያውም የእኛ አባቶች ያን ጸሎት ሳያቋርጡ ሲቀድሱበት ኖረዋል፤ ላቲኑ ዘግይቶ ነው የተመለሰበት።

«ግዕዝና ካቶሊክ ምን አገናኛቸው?» የሚልሽ ቢኖር ደግሞ አትደንግጪ። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሮም ላይ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሲያሳትም የቅዳሴውንም ጸሎት አብሮ አሳትሟል። አቡነ ያዕቆብ የምንለው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ከጣሊያን መጥቶ ቋንቋችንን ተማረ፤ ምእመናኑም የአባቶቻቸውን ሥርዓት ይዘው እንዲቆዩ ፈለገ። የጎጃሙን ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤልን በ1851 ለክህነት የሾመው እሱ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ ሞተ፤ በ1926ም ብፅዕናው ታወጀ። ይህ ሥርዓት ዋጋ የተከፈለበት ነው።

ግዕዙን ለመከታተል መላውም ቀላል ነው። ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበትን መጽሐፈ ቅዳሴ ፈልገሽ ያዢ። መጀመሪያ ጳውሎስ፣ ቀጥሎ ሐዋርያ፣ ከዚያ ግብረ ሐዋርያት፣ ከምስባክ በኋላ ወንጌል ይነበባል። ይህችን ካወቅሽ የት እንደተደረሰ አይጠፋሽም። ጥቂት ከሞከርሽ በኋላ አሁንም ከከበደሽ በላቲን ሥርዓት በአማርኛ የሚቀደስበት ቁምስና አዲስ አበባ ውስጥ አለልሽ፤ እሱም ቅዳሴ ነው፤ ማንም ሊያሳንስብሽ አይገባም።

3. አታርፍጂ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለመድረስ ከወሰን ግሮሰሪ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ሁለት ታክሲ ነው። እሑድ ጠዋት ታክሲው ሰው እስኪሞላ ይቆማል፤ ወያላው «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ከአንድም በላይ ይጭናል። ይህን አስበሽ ውጪ። ወንጌል ካለፈ በኋላ ገብቶ ቁርባን እንደተሰጠ የሚወጣ ሰው ምን ለማድረግ እንደመጣ ለእኔ አይገባኝም።

4. ጽዋው ሲዘጋጅ ዓይንሽን አትንቀዪ። ካህኑ ወይኑን ከቀዳ በኋላ ጥቂት ውኃ ጠብ ያደርግበታል። በግዕዙ ገና መጀመሪያው ላይ፣ በላቲኑ ከስብከቱ በኋላ የሚደረግ ነው። ደቂቃ ስለማይፈጅ ብዙ ሰው አያየውም። ውኃው አንዴ ወይኑ ውስጥ ከገባ ማንም ለይቶ አያወጣውም። በላቲኑ ሥርዓት ካህኑ በዚያች ሰዓት በለሆሳስ የሚለምነው የእኛን ሰውነት የለበሰው ጌታ ከመለኮቱ እንዲያካፍለን ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፁ አይሰማሽም። አንቺም ያን ጊዜ ያለሽን ሁሉ አስገቢ፦ የቤት ኪራዩን ጭንቀት፣ የሥራውን ድካም፣ የእናትሽን ሕመም። ወንድሜን፣ አባትሽን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አስቢው። የሙት ዓመቱ ሲደርስም ቅዳሴ አስቀድሺለት፤ ከድግሱ ይልቅ እሱን የሚጠቅመው ይህ ነው።

5. ሰልፍ ስለተሰለፈ ብቻ ተከትለሽ አትቁረቢ፤ ፈርተሽም ዓመቱን ሙሉ ከኋላ አትቁሚ። ከባድ ኃጢአት ካለብሽ አስቀድመሽ ንስሐ ግቢ። በላቲን ሥርዓት ከቁርባን በፊት ቢያንስ ለ1 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መታቀብ ነው፤ ውኃና መድኃኒት አይከለከልም። በግዕዙ የሚጠበቅብሽን ቆሞሱን ጠይቂ። ቡናሽን ከተመለስሽ በኋላ ብታፈዪው ይሻላል፤ ጀበናው የትም አይሄድም። መቁረብ ያልቻልሽበት እሑድ ቢመጣም ከቅዳሴው አትቅሪ። መሥዋዕቱ ለአንቺም ይቀርባል።

6. ሰላምታ ስትለዋወጪ እውነት ይሁን። በመብራት ቆጣሪው ሒሳብ ከአከራይሽ ጋር ተኳርፈሻል አሉ። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ማለቱን በማቴዎስ ወንጌል 5ኛው ምዕራፍ ታገኚዋለሽ። ቅዳሜ ማታ አንኳኪና «እንደምን አመሹ?» በያቸው። ሒሳቡ ቢበዛብሽም በሰላም ትነጋገሩበታላችሁ።

7. በጎረቤት ፊት አትሸማቀቂ፣ አትከራከሪ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኩ ከአገሩ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበር። ጥቂት መሆን ነውር አይደለም። ከመከራከር ይልቅ አንድ ቀን ከኮተቤ በላይ ወደ የካ ተራራ ውጪና የዋሻ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን እዪ። ያነጹት ሰዎች አለቱን ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ያወጡት ቅዳሴ የሚቀደስበት ቦታ ፈልገው ነው። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር ገና ያልፈታነው ብዙ ነገር አለ፤ ቁርባንም አንጋራም፤ ያም ያሳዝነኛል። ለቅዳሴ ያላቸውን ፍቅር ግን ተማሪባቸው። ሌሊት ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በብርድ የሚወጡት እናቶች ስለ ርቀት ሲያማርሩ ሰምተሻል?

8. ቅዳሴው ሲያልቅ ሁሉ ነገር አላለቀም። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ155 እ.ኤ.አ. ገደማ የእሑዱን ጉባኤ ሲገልጽ ንባቡን፣ ስብከቱን፣ ኅብስቱንና ወይኑን፣ የሕዝቡን አሜን ሳይቀር ዘርዝሮታል። ከዚያ ዲያቆናቱ ላልመጡት ቁርባኑን እንደሚወስዱላቸው፣ የተሰበሰበው ገንዘብም ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለታመሙና ለታሰሩ እንደሚከፋፈል ጨምሯል። ያኔም ቅዳሴው ከድኻው አልተለየም። ዛሬ ስድስት ኪሎ ያሉትን የማዘር ቴሬዛን እኅቶች ተመልከቺ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገራችን ውስጥ ናቸው፤ ቀናቸውን በቅዳሴ ጀምረው ማንም ያልፈለገውን በሽተኛ ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎራ በይና ምን ልርዳ ብለሽ ጠይቂ። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችም በመንገድሽ ስታገኚ ቢያንስ መንገድ ልቀቂላቸው፤ ሲሆን ሸክሙን አውርጂላቸው።

የፊታችን እሑድ ሂጂ። ማታ እደውልልሻለሁ፤ ስለ ታክሲው ሳይሆን የትኛው ወንጌል እንደተነበበ ነው የምጠይቅሽ።